ምሰሶ የሌለው ጣሪያ

መስቃን ውስጥ ቤት መሥራት የማያውቅ ወንድ የለም። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ይማግራል፣ አንዱ ሳር ያቀብላል፤ ቤት በደቦ ይቆማል። ቤት ሠሪ ተብሎ በስሙ የሚጠራው ግን ስንት ነው? እኔ የማውቀው ሸረፋን ነው። ቤቱ ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እንሰቱ ውስጥ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ወደ ላይ የለመደ ሰው። መንገድ ሲሄድ የሰው ፊት አያይም፤ የሰው ጣሪያ ነው የሚያየው። «አሰላሙ አለይኩም፣ ሸረፋ!» ሲሉት «ወአለይኩሙ ሰላም፤ ያ ሳርህ በዝናቡ በኩል ተንሸራቷል፣ አልነገሩህም?» ብሎ ያልፋል። ሰዉ ይስቃል። ግን የዚያኑ ቀን መሰላል ይፈልጋል፤ ሸረፋ ተንሸራቷል ካለ ተንሸራቷል።

ይህ ሰው ሕልም ነበረው። ሕልም ስላችሁ ምኞት ማለቴ አይደለም፤ የእንቅልፉን ሕልም ማለቴ ነው። ከጉርምስናው ጀምሮ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ይመጣበታል። ሰፊ ክብ ቤት ውስጥ በጀርባው ተንጋሏል። ወራጆቹ ከዙሪያው ሁሉ ይነሡና ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄደው እላይ አንዲት ቀለበት ላይ ይገናኛሉ። ከሥራቸው ምንም የለም። ምሰሶ የለም። ያ ሁሉ እንጨት፣ ያ ሁሉ ሳር እርስ በርሱ ተደጋግፎ ዝም ብሎ ቆሟል። በሳሩ መሐል የሚገባው ብርሃን እንደተነፋ ዱቄት ቀስ እያለ ይወርዳል። ሸረፋ እዚያ ሥር ሲተኛ ገላው ይቀልለዋል፤ ዕዳም፣ ጌታም፣ ነገም የሌለበት ቦታ ይመስለዋል። ይህን ያየ ቀን እስከ እኩለ ቀን ሰው አያናግርም።

እዚህ አገር ምሰሶ የሌለው ቤት ማለት ቀልድ ነው። ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚቆመው ምሰሶው ነው። ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጉበታል፣ ቅቤ ይቀባል። «ቤትህ አለቀ?» አይባልም፤ «ምሰሶህ ቆመ?» ነው የሚባለው። አባወራ ሲሞትም «ምሰሶው ወደቀ» ተብሎ ይለቀሳል። ታዲያ ማን ነው ጤነኛ ሆኖ ምሰሶ የሌለው ቤት ሥራልኝ የሚለው? ሸረፋ አንድ ሁለት ሰው ላይ ነገሩን ሞክሮት ነበር፤ ሳቁበት። ሚስቱ ዘይባ ደግሞ ቡታጅራ ገበያ ቅቤ የምትነግድ ምላሰኛ ነበረችና አትምረውም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ትለዋለች። «በል ተነስ፣ የጎረቤት ምሰሶ ይጠብቅሃል።»

እንዲህ እያለ አምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት መጣ። ፊታውራሪ ሸዋንግዛው የሚባሉ፣ ወገናቸው ከመንዝ የሆነ ባለ ርስት ነበሩ። ሸረፋ የሚያርሰው መሬት የእሳቸው ነው፤ ጭሰኛቸው ነው። ፊታውራሪ ዕድሜያቸው ሲገፋ ከመንገዱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ የኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ሊያሠሩ ተሳሉ። ከሰሜን አናጺ ይምጣ አላሉም። «ሸረፋን ጥሩልኝ» አሉ።

ጉርምርምታ ተነሣ። በክርስቲያኑ በኩል «የእስላም እጅ ባቆመው ቤት እንዴት ይቀደሳል?» ያለ ነበር። በእስላሙም በኩል «ሸረፋ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ነው አሉ፣ አስተግፊሩላህ!» ያለ ነበር። የቄሶቹ አለቃ አባ ሀብተወልድ «እንጨት ሃይማኖት የለውም፤ እንዳያፈስ ብቻ» ብለው የራሳቸውን ወገን ዝም አሰኙ። ሸረፋም ለራሱ ወገን «አያቴ፣ በድሮ ዘመን የክርስቲያን ነገሥታትን ቤት ያቆሙት የእስላም እጆች ናቸው ይል ነበር» አላቸው። አያቱ ይህን ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ። ደግሞስ ጭሰኛ ጌታውን እምቢ ይላል እንዴ?

ሥራው በጥቅምት ተጀመረ። የፊታውራሪን ነገር ካነሣን አይካድም፣ ለሠራተኛ በግ ሲልኩ በቁሙ ነበር የሚልኩት፤ እስላሞቹ ራሳቸው ቢስሚላህ ብለው እንዲያርዱት። ሸረፋን የሚረዳው የዘይባ ወንድም ሳኒ ነበር፤ ክንደ ብርቱ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው።

እንግዲህ ስሕተቱን ስሙ። ሸረፋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የሚያውቀው ከውጭ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ደግሞ ትልቅ ክብ ጎጆ ነው። ስለዚህ እንደ ወጉ መሐሉን በገመድ ለካ፣ ቆፈረ፣ ስንት ጫካ ተዙሮ የተገኘ የዝግባ ምሰሶ አቆመ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉበት፤ ቅቤ ቀቡት። አባ ሀብተወልድ በበቅሎ ሲደርሱ ምሰሶው በፀሐይ እየወዛ ቆሟል። አባ ከበቅሏቸው መውረድ ተሳናቸው።

«ሸረፋ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ምሰሶው ነዋ፣ አባ።»

«እሱማ ታየኝ። የት ነው ያቆምከው?»

«መሐል ነው። ምሰሶ ሌላ የት ይቆማል?»

«ወይ አምላኬ! መሐሉ እኮ መቅደስ ነው። ታቦቱ የሚያርፍበት መንበር የሚቆመው እዚያ ነው። ንቀለው፣ ልጄ። መሐሉ ባዶ ነው መሆን ያለበት።»

ሳኒ ራሱን ያዘ፤ ዱዓ የተደረገበትን ምሰሶ ማን ይነቅላል! ሸረፋ ግን ወደ አባ በቅሎ ተጠጋ።

«ባዶ? መሐሉ ባዶ ይሁን ነው የሚሉኝ?»

«አዎ፣ ባዶ።»

«ጣሪያውስ በምን ይቆማል?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ሸረፋ የቆፈረው አፈር ላይ ቁጭ አለ። አባ ያዘነ መስሏቸው «አይዞህ» አሉት። ኧረ ምን ሐዘን አለ! በዚህ ዓለም ላይ ሕልምህን ሥራልኝ ያለው የመጀመሪያው ሰው የክርስቲያን ቄስ ሆኖ ተገኘ፤ ከደስታ ብዛት ነበር የተቀመጠው።

ደስታው ግን እሾህ ነበረበት፤ እሱንም አባ ዕለቱን ነገሩት። ታቦቱ ከገባ በኋላ መቅደሱን የሚረግጡት ቀሳውስትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው። ክርስቲያኑ ሕዝብ እንኳ አይገባበትም፤ እስላሙማ ደጁንም አያልፍም። ስለዚህ ሸረፋ ያንን ጣሪያ ከሥሩ ተንጋሎ የሚያይበት ጊዜ፣ ድጋፉ ከሚወጣበት ሰዓት ታቦቱ እስከሚገባበት ሰዓት ያለችው ብቻ ናት። «ትበቃኛለች» አለ ሸረፋ። «አንዲት ከሰዓት በኋላ ብቻ ስጡኝ፣ አባ። ሌላ አልጠይቅም።»

ከዚያ እስከ ጥር መጨረሻ ሸረፋ መሬት ላይ የሚሄድ ሰው አልነበረም። እየበላ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፤ እየሰገደ ሱጁድ ላይ ይቆይና ዘይባ «ተኛህ እንዴ?» ትለዋለች። መቅደሱን ከበው አሥራ ሁለት ዓምዶች ቆሙ፤ አባ ሐዋርያት ናቸው ብለው ደስ አላቸው። የወይራ እርጥብ ቅርንጫፍ በእንፋሎት ለስልሶ ታጠፈ፣ ቀለበት ሆነ። ያ ነቅሎት የነበረው ምሰሶም ለጊዜው የቀለበቱ ድጋፍ ሆኖ ተመለሰ፤ ሳኒ በዚህ እፎይ አለ። ወራጆቹ ከዙሪያው እየተነሡ ቀለበቱ ላይ ደረሱ፣ በእርጥብ ሐረግ ታሰሩ፤ የሐረጉ ጫፎች ወደ ውጭ እንደወጡ ሳሩ ተከደነ። ለመስኮቱ አባ መስቀል አድርግልኝ አሉት። ሸረፋ የሚያውቀው በልጅነቱ ከአንድ አሮጌ መስጊድ በር ላይ ያየውን የኮከብ ፍልፍል ነበርና እሱን ፈለፈለ። ሲጨርስ በኮከቦቹ መሐል ያለው ባዶ ቦታ መስቀል ሆኖ ተገኘ። አባ መስቀሉን እያዩ፣ ሳኒ ኮከቡን እያየ ሁለቱም ወደዱት።

እርጥብ ሐረግ ሲደርቅ ነው የሚጠብቀው፤ አርባ ቀን ይፈልጋል። ታቦቱ የሚገባው ከፋሲካ በኋላ ስለተባለ ሸረፋ አልቸኮለም። የመጨረሻው እስር በታሰረ በሳምንቱ ግን ፊታውራሪ አስጠሩት። ጳጳሱ የሚመጡት ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ነው፤ በዋዜማው ድጋፉ ወጥቶ ታቦቱ ማታውን ይገባል። የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነበር።

«ጌታዬ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አላቸው ሸረፋ።

«ጳጳስ ሐረግ እስኪደርቅ ይጠብቁ ይባላሉ? እኔስ እስከ ፋሲካ ለመኖሬ ማን ዋስ ይሆነኛል?» አሉ ፊታውራሪ። ደረታቸው ሲያፏጭ ይሰማል። ሸረፋ እጅ ነሥቶ ወጣ።

የዋዜማው ቀን ሸረፋ ከዙህር ሶላት በኋላ ንጹሕ ጋቢ ይዞ መጣ፤ መቅደሱ መሬት ላይ ሊያነጥፈው ነው። የቤት ሠሪዎች ወግ አለ፦ ሥሩ ሰው ያልተቀመጠበት ጣሪያ ድጋፉ አይወጣም። ወይ ሠሪው ይቀመጣል፣ ወይ ከሠሪው ቤት የሆነ ሰው። የራስህን ሰው የማታስቀምጥበትን ጣሪያ ለሰው አትስጥ ማለት ነው። ሳኒ መዶሻውን ይዞ የድጋፉ እግር ሥር የተወተፈውን ሽብልቅ እንጨት መትቶ ሊያወጣ ተንበረከከ። ሸረፋ ሊቀመጥ ሲል አንዴ ድጋፉን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ጆሮውን ለጠፈ። ፊቱ ተለወጠ።

«በምሥራቅ በኩል ያለው እስር አልያዘም። ድጋፉ ዝቅ ሲል አንድ ሰው ከላይ ሆኖ እየጎተተ ማጥበቅ አለበት።»

«እኔ ልውጣ» አለ ሳኒ።

«አታውቀውም። የእኔ እጅ ነው የሚያውቀው።»

«እንግዲያው ማን ይቀመጣል? ሰው ሳይቀመጥ እኔ ሽብልቅ አልመታም፤ ወላሂ አልመታም።»

ዘይባ ምሳቸውን ቆጮና ጎመን ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷና ሸረፋ ልጅ አልነበራቸውም። «እኔ እቀመጣለሁ» አለች።

«አንቺ?»

«ከቤትህ ያለነው እኔና ፍየሏ ነን። ፍየሏን ላምጣልህ?»

አባ ሀብተወልድ ታቦት ያልገባበት ቤት ገና ቤት ነው፣ ትግባ አሉ። ዘይባ ገባች፣ ጋቢው ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ ሸረፋ ግን ያን ጊዜ ፊት የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። «ወደ ላይ እይልኝ» አላት። «ሁሉንም እይልኝ፤ ሳጠብቀው ወርጄ እኔም አያለሁ።» ብሎ መሰላሉን በሩጫ ወጣ።

ሳኒ መታ። ጣሪያው አቃሰተ። አቧራና የሳር ብናኝ ወረደ። ሸረፋ ጫፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ሐረጉን በሁለት እጁ፣ በጥርሱም ሳይቀር ጎተተ። ሳኒ ደግሞ መታ። ጣሪያው ወረድ አለ፣ ቆም አለ፣ ተንጫጫ፣ ጸጥ አለ። ቆመ! ሰዎቹ ድጋፉን ተሸክመው አወጡ። ዘይባም ወጣች። ሴቶች ሊጠርጉና ሊያነጥፉ ገቡ።

ሸረፋ ግን መውረድ አልቻለም። አንዱ እስር ሲጠብቅ ሌላው ይላላል፤ አንድ በአንድ ቀለበቱን መዞር ነበረበት። ነፋስ ይነፍሳል፤ በምዕራብ የዘቢዳር ተራራ ሰማያዊ ሆኗል፤ በታች ሰዉ ትንሽ ትንሽ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ሕልሙ ከሆዱ በታች፣ ከአንድ ክንድ ሳር ወዲያ ነው። የሚያየው ግን ሳሩን ብቻ ነው። የመጨረሻውን እስር ቋጥሮ ቀና ሲል ከበሮና እልልታ ሰማ። ታቦቱ ጉብታውን እየወጣ ነበር።

እንዴት እንደወረደ አያውቀውም፤ መዳፉ ተልጦ ደም በደም ሆኗል። በሩ ላይ አባ ሀብተወልድ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ቆመዋል።

«አባ፣ አንዴ። ቀና ብዬ አይቼ ልውጣ።»

አባ ወደ ኋላቸው አዩ፤ ታቦቱ ቅጥሩን አልፏል፤ ሕዝቡ ግንባሩን መሬት አስነክቷል። የሽማግሌው ዓይን እንባ ሞላ። «ልጄ፣ አልቻልኩም» አሉ። «ይቅር በለኝ።» ሸረፋ ከመንገዱ ዘወር አለ። ታቦቱ ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

ጣሪያው ግን ስሙን አስጠራ። ፊታውራሪ በዚያው ዓመት ከሚያዝያ ሳያልፉ ሞቱ፤ የተቀበሩት እዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። ከጥያ በኩል አናጺዎች መጥተው ከውጭ ለኩት፤ በሶዶ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ላይ በምስማርና በቆርቆሮ አስመሰሉት። ሸረፋ ይህን ሲሰማ «ምስማር የገባበት ቀለበት ቀለበት አይደለም» ብሎ ምራቁን እንትፍ አለ። በሣር ቤት የሚኖረው ሰው ደግሞ አሁንም ምሰሶውን አልተወም። ለሸረፋ የቀረችለት ዘይባ ብቻ ነበረች። ከሥሩ ተቀምጣ ያየች እሷ ናት።

«ምን ይመስል ነበር?» ይላታል፣ እንሰት ሲፍቁ፣ ከገበያ ሲመለሱ፣ ዝናብ ሲዘንብ።

ዘይባም ትነግረዋለች። አንዴ «ወራጆቹ ከየአገሩ ለልቅሶ የሚመጣ ሰው ይመስላሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ በር» ትለዋለች። ሌላ ጊዜ «ቀለበቷ ትንሽዬ፣ ጨረቃ መስላ ትታየኛለች» ትላለች። ሌላ ጊዜ «ብርሃኑ ጉልበቴ ላይ ወርዶ ሞቀኝ።» ምላሰኛዋ ዘይባ በዚህ ነገር ላይ ብቻ አትቀልድም። እሱም ዓይኑን ከድኖ ይሰማል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሕልሙ መጥቶለት አያውቅምና፣ የእሷ ቃል ሕልሙ ሆነለት። እንዲህ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

በስልሳ አራት ነገር መጣ። የሰፈሩ እስላሞች መስጊድ ለመሥራት ማመልከቻ ካስገቡ ስንት ጊዜያቸው ነበር፤ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ኖሮ በመጨረሻ ተፈቀደ። ሽማግሌዎቹ ሸረፋ ዘንድ መጡ። «ያንን የጉብታውን ጣሪያ ለእኛም ሥራልን፤ ምሰሶ መሐል ከቆመ የሶላቱን ሰልፍ ይቆርጥብናል» አሉት። ጢሙ ሸብቷል፤ እንደ ሙሽራ ፈገግ አለ። የራሱ የሚሆን፣ የማይዘጋበት ጣሪያ!

ሲሄዱ ወደ ዘይባ ዞረ። ቅቤ በኮባ እየጠቀለለች ነበር። «አሁን በደንብ አስታውሺልኝ። ይሄ ከያኛው ይሰፋል። ያን ቀን ድጋፉ ሲወጣ ቀለበቱ እኩል ወረደ ወይስ ወደ አንዱ ወገን ዘመም አለ? ሳኒ ሽብልቁን ነው ያየው፤ ቄሶቹም ከሥሩ መጋረጃ ዘርግተውበታል። ሲወርድ ካንቺ በቀር ያየ የለም። ዘምሞ ከነበረ ቀለበቱን ማወፈር አለብኝ፤ ያለዚያ ሰው ላይ ይወርዳል።»

ዘይባ «እኩል ነው» ልትል አፏን ከፈተች። በሰልፍ የቆመው ሕዝብ ታያት መሰለኝ፣ እጇ ቅቤው ላይ ቆመ።

«አላየሁም» አለች።

«ምኑን?»

«ምንም አላየሁም፣ ሸረፋ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከገባሁ እስክወጣ አልገለጥኩትም። የነገርኩህ ሁሉ ከሆዴ ያወጣሁት ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ስትጠይቀኝ ፊትህን አይቼ እንቢ ማለት አቃተኝ።»

ሸረፋ አጠገቧ ቁጭ አለ። ጮኾ ይነሣል ብላ ጠብቃ ነበር።

«ለምን ጨፈንሽ?»

«ለምን ትለኛለህ? ፈርቼ ነዋ! ሊወርድብኝ ነው ብዬ። በልጅነቴ የአክስቴ ቤት ተደርምሶብን ከሥሩ የወጣሁት በማግስቱ እንደሆነ ታውቅ የለ? እስከ ዛሬ ጣሪያ ሲንጫጫ እሞታለሁ።»

ያውቅ ነበር። በሰርጋቸው ሰሞን ነግራዋለች፤ ሌሊት ነፋስ ሲነፍስ እጁን የምትይዘው ለዚያ ነበር። ረስቶት ነው።

«ጣሪያው ይቆማል ብለሽ አላመንሽም?»

«ኧረ እኔ ምሰሶ የሌለው ነገር ይቆማል ብዬ አምኜ አላውቅም።»

«እና ተቀመጥሽ።»

«ማን ይቀመጥልህ ነበር?» አለች፣ ተቆጥታ፣ ቅቤዋን ወደ መጠቅለል እየተመለሰች።

ሸረፋ ወጥቶ እንሰቱ ውስጥ ገባ፤ እዚያ ያለቀሰው ልቅሶ ሳኒ ቤት ድረስ ተሰምቷል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ጣሪያ ሲጠይቃት ኖሯል። ስለ እሷ አንድ ቀን አልጠየቃትም። አፈረ፤ ወደዳትም፤ ሁለቱ ነገር አንድ ላይ ነበር ያስለቀሰው።

የመስጊዱን ቀለበት እጥፍ አድርጎ አወፈረው። ሐረጉን አርባ ቀን ሙሉ አደረቀው፤ ማንም አላስቸኮለውም። የድጋፉ ቀን ጋቢውን አንጥፎ ራሱ ተቀመጠ። «አንቺ ደጅ ጠብቂ» ቢላትም ዘይባ ገብታ አጠገቡ ቁጭ አለች፣ ክንዱን ያዘች፣ ዓይኖቿን ጨፈነች።

ሳኒ መታ። ጣሪያው አንዴ ተነፈሰ፣ ጣት ታህል ወረደ፣ ቆመ። ድጋፉ ወጣ። ደጅ ያለው ሕዝብ «አላሁ አክበር!» አለ።

«ቆመ?» አለች ዘይባ፣ እንደጨፈነች።

«ቆመ።»

«እስቲ ንገረኝ፣ ምን ይመስላል?»

ሸረፋ ገና ቀና ብሎ አላየም። ድጋፉ ሲወጣ ሲያይ የነበረው እሷን ነው።